ሩሱባን፦ ትርጉሙና አገባቡ

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለሚጢ፣

«ለጤናሽ እንደምን ነሽ» የሚለውን መስመርና ከሥሩ የሚከተለውን የናፍቆት መስመር ተጽፈው እንዳለቁ ቁጠሪያቸው። በቀጥታ ወደ ጥያቄሽ ልግባ፤ ፖስታው ላይ ሦስት ጊዜ «አስቸኳይ» ብለሽ ጽፈሻልና።

«ኦትሱካሬሳማ» ስድብ አይደለም። ከአገራቸው ርቀው የስፌት ሱቅ የከፈቱት ጃፓናዊት ባልቴት ሱቁን ሲዘጉ ወዳንቺ ዞር ብለው ይህን የሚሉሽ «ደከምሽ፤ ድካምሽን አይቻለሁ» ለማለት ነው። አብረው ሲሠሩ የዋሉ ሰዎች ሲለያዩ ይባባሉታል። አንቺም መልሰሽ ትያቸዋለሽ። እንግዲህ ለሁለት ሳምንት ምስጋና በተቀበልሽ ቁጥር እያኮረፍሽ ወጥተሻል ማለት ነው። ለአክስታችን ሳነብላቸው «ሲያመሰግኗት የምትጣላ ልጅ፤ ሲሰድቧት ደግሞ እግዜር ይስጥልኝ ትል ይሆናል» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

የጃፓንኛውን መዝገበ ቃላት መልሼው እንደሆነ ለጠየቅሽኝ፦ ያው እኔው ጋ ነው። ጀርባው የተገነጠለው፣ ወፍራሙ፣ አንድ መሐንዲስ ሲሄድ ለቤተ መጻሕፍታችን ጥሎት የሄደው። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከኔ ሌላ የተዋሰው ሰው የለም። የውሰት ካርዱ ላይ የኔ ፊርማ ከላይ እስከ ታች ወርዷል፤ አሁን ሦስተኛ ካርድ ጀምረናል። አለቃችን «ልጄ፣ ይህን መጽሐፍ ለምን አታገቢውም?» ይሉኛል። አልጠየቀኝማ።

አሥራ አራት ዓመት ጃፓንኛ ተምሬ አንድ ሰው በዚያ ቋንቋ እንዴት አደርሽ ብሎኝ አያውቅም። አንቺ በሁለት ወርሽ ድካምሽን የሚያይልሽ ሰው አገኘሽ፤ ያውም ተቀየምሽባቸው። ጥርስ ለሌለው አጥንት ይሰጠዋል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። በቅናት አይደለም የምጽፈው፤ ለመረጃ ያህል ነው።

ደግሞ ትክክል ነው። ማስታወቂያው «ስፌት የምትችል ረዳት» ነበር የሚለው። ማመልከቻሽን በቋንቋቸው የጻፍኩት እኔ፣ በጽሑፉ ተደስተው የተቀበሉት እሳቸው፣ የሄድሽው አንቺ። እኔ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስተክል ሸሚዙን ከገዛ ቀሚሴ ጋር የምሰፋ ሰው ነኝ። ከዚህ በላይ ፍትሕ የት አለ?

ሌላም ቃል ሲገጥምሽ ላኪልኝ። እዚህ ሌላ ፈላጊ የላቸውም።

እህትሽ


ኅዳር 2 ቀን

ይድረስ ለሚጢ፣

አልተቀየምኩም። መጀመሪያ «አልተቀየምኩም» ብዬ ስጽፍ ብዕሩ ወረቀቱን ስለቀደደው በሌላ ወረቀት ገልብጬዋለሁ።

ፎቶግራፉ ደርሷል። ሱቁ በር ላይ ቆማችኋል፤ እጃቸው ትከሻሽ ላይ ነው። በማጉያ መነጽር አየሁት፤ ማጉያው ለሥራ የገዛሁት ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። እጃቸው ለፎቶ ተብሎ የተቀመጠ እጅ አይደለም፤ ደገፍ ብሏል። አክስታችን የሳሎኑ መስታወት ጥግ ላይ ሰክተውታል። ስለዚህ ጠዋት ጸጉሬን ሳበጥር ሦስት ሆነን እንታያለን፤ ሁለት የሚስቁ፣ አንዲት የምታበጥር።

ባልቴቷን «እማማ» ማለት መጀመርሽ ከፍቶኝ እንደሆነ ጠይቀሻል። ለምን ይከፋኛል? እናታችን ከሞተች ወዲህ ቃሉ ሥራ ፈትቶ ነበር። ሥራ ማግኘቱ ደግ ነው።

ስለ ቋንቋው ስላልሽው፦ ስድሳ ቃል ቻልኩ ካልሽ ስድሳ ነው። እኔ አሥራ ሁለት ሺህ ያህል አውቃለሁ። አንቺ በስድሳው ትስቂያለሽ፣ ትከራከሪያለሽ፣ ጥቁር ክር ታስመጫለሽ። እኔ በአሥራ ሁለት ሺው ዝም እላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «እማማ ማመልከቻውን ማን ጻፈው ብለው ጠየቁኝ፣ ታላቅ እህቴ አልኳቸው፣ ከዚያ የሆነ ነገር ተናገሩ» ብለሽ ወደ ዚፕ ዋጋ አለፍሽ። የሆነ ነገር! እኔ አንቺን ብሆን ያንን የሆነ ነገር በመዳፌ ላይ እጽፈው ነበር። ደስ ብሏቸው ነው? ስቀው ነው? ጣታቸውን አንስተዋል? በሚቀጥለው ባይገባሽም እንደሰማሽው በፊደል ቅጂልኝ። እህትሽን ከወደድሽ ማለቴ ነው፤ ካልወደድሽም ለሳይንስ።

የአክስታችን ጉልበት ያው ነው። «ሁለታችሁም ከሄዳችሁ ይህ ቤት የማን ነው?» ይላሉ አልፎ አልፎ። ማንም እንዳልጠራኝ ነገርኳቸው።

እህትሽ


ኅዳር 24 ቀን

ይድረስ ለሚጢ፣

ባልቴቷ «ሩሱባን» ሁኚልኝ ብለው እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጪ ስላሉሽ ባጭሩ እጽፋለሁ።

ሩሱባን፦ የቤት ባለቤት በሌለበት ጊዜ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው፤ ቤት ጠባቂ። መዝገበ ቃላቱ የሚለው ይኸው ነው፤ ገጽ 841፣ በግራ በኩል። ከሥሩ የአገባብ ምሳሌ አለ፤ ለጥያቄሽ ስለማያስፈልግ ተውኩት።

«ዘበኛ ማለት ነው?» ብለሻል። በአንድ ቃል በይ ካልሽኝ፣ እንግዲህ እንደዚያ ነው። ለዓይናቸው ሕክምና ሦስት ወር ወደ አገራቸው ሲሄዱ ሱቁንና ፎቁ ላይ ያለውን ቤታቸውን ትጠብቂላቸዋለሽ። የሄድሽው ለስፌት ነበር። ይህን ግን ከኔ ይበልጥ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ቀድሞ የሠራሽበትን የዶክተሩን ቤት ነገር አላነሳም። ቤት ጠብቂ ብለውሽ ሄደው፣ ሲመለሱ ሰዓት ጠፋ ተብሎ፣ ጎረቤት ቆሞ እያየ ኪስሽ ተገልብጦ መፈተሽሽን፣ ሰዓቱ በሳምንቱ ከራሱ ከዶክተሩ ካፖርት ገበር ውስጥ መገኘቱን፣ ይቅርታ የሚል ሰው መጥፋቱንም አላነሳም። ያለፈ ነገር ነው። ባልቴቷም ሌላ ሰው ናቸው። ሰዓት ግን የትም አገር ይጠፋል።

ምናልባት እምቢ ማለት ከፈለግሽ ብዬ «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዘበኛ አይደለሁም» የሚለውን በቋንቋቸው፣ በፊደል ከታች ጽፌልሻለሁ። ሰዋስዉ ንጹሕ ነው። ውሳኔው ያንቺ ነው፤ እኔ ቃል ፈቺ ብቻ ነኝ።

አክስታችን ሰላም ብለውሻል። ይህን ደብዳቤ ሙሉውን አላነበብኩላቸውም።

እህትሽ


ታኅሣሥ 12 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? አክስቴስ? ያንን የጉልበት ቅባት እየተቀቡ ነው ወይስ ዛሬም ከመደርደሪያ ሆኖ እንዲያድናቸው እየጠበቁት ነው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አይደለሁም።

እምቢ አልኳቸው። ቀኑ ሲደርስ እማማ መጥተው ፊቴ ቆሙ። መቀሴን አስቀምጬ የጻፍሽልኝን ዓረፍተ ነገር ሳልሳሳት አልኩት። ሦስት ቀን ተለማምጄዋለኋ! ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ አሉ። ይቅርታ የሚለውን ቃላቸውን አውቀዋለሁ፤ አምስት ጊዜ አሉት። ለኔ! እትዬ፣ እንዲያ ያልኳቸው እኔ፣ ይቅርታ የሚጠይቁት እሳቸው። ይህ ነገር ገብቶሻል? እኔ አልገባኝም።

የቤቱን መክፈቻ ከመንገዱ ማዶ ላለችው ለፎቶግራፍ አንሺው ሚስት ሊሰጧት ቃል ገብተውላታል። ያቺ ሰው እያወራት ማስቲካ የምታፈነዳዋ። ራሴ እምቢ ብዬ ራሴ ቀናሁ፤ እንዲህም አለ?

አሁንም ስንዘጋ ያንን የድካሙን ቃል ይሉኛል። ግን ለደንበኛ እንደሚሉት ነው የሚሉኝ። ቃሉ ያው ነው፣ እጃቸው የለበትም።

ሌላም ነገር አይቻለሁ። ክር ላመጣ ፎቅ ስወጣ ሁለት ፍራሽ ጎን ለጎን ተነጥፏል። በሩ ላይ ሁለት አዲስ የቤት ነጠላ ጫማ፣ ወረቀቱ እንኳን አልተነሳለትም። አንዱን ለካሁት፣ በልኬ ነው። ሌላው ሰፋ ይላል። ለማን እንደሆነ እንጃ።

ትናንትና ደግሞ የተጣጠፈ ወረቀት ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ጽሑፉ እንደ ዝናብ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። የመባረሪያ ደብዳቤዬ ይሆናል ብዬ እስከ ማታ አልነካሁትም። ለፎቶግራፍ አንሺው ሚስት ላሳያት አሰብኩ፤ እሷም እንደኔው ማንበብ አትችልም። ይኸው እንዳለ ልኬልሻለሁ። እንደወረደ ተርጉሚልኝ። ክፉም ቢሆን አታለሳልሺው፤ ጠንካራ ነኝ። ከአንቺ በቀር የሚያነብልኝ የለኝም።

ሚጢሽ


ታኅሣሥ 29 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፣

ይህን ደብዳቤ ስጽፈው ሦስተኛዬ ነው። በመጀመሪያው፣ ወረቀቱ ስለ ክር አቀማመጥ የሚያወራ ነው ብዬ ተረጎምኩልሽ። በሁለተኛው፣ መንገድ ላይ ረጥቦ አይነበብም ብዬ ጻፍኩ፤ ነገሩ እውነት እንዲሆንም አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀረብኩ። አክስታችን በበሩ ብቅ ብለው «ደብዳቤ ልታጥቢ ነው እንዴ?» አሉኝ። የያዘኝን ያዘኝና ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ቀናተኛ እሳት ሲለኩስ መጀመሪያ የሚነደው የራሱ ፍራሽ ነው» አሉ። ከዚያ መዝገበ ቃላቱን ከፊቴ አንስተው ወንበር ላይ አደረጉና ተቀመጡበት። «አሁን ጻፊ። ያለሱ ጻፊው።» ይህን ስጽፍ እዚያው ናቸው፤ ምቹ ነው ይላሉ።

የባልቴቷ ወረቀት እንደወረደ ይህ ነው፦

«ከመጠን ያለፈ ነገር ጠይቄ አሳፈርኩሽ፤ ይቅር በይኝ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ከቤት ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ 'ሩሱባን አደራ' ትለኝ ነበር። በዚያች ሰዓት ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል። ልጅ ስለሌለኝ ይህን ቃል ለማንም ብዬው አላውቅም ነበር። ለአንቺ ማለቴ ሳላስፈቅድሽ ቤተሰቤ ማድረጌ ነውና ጥፋቱ የኔ ነው። ብቻሽን እንዳትሆኚ እህትሽንም ላስመጣት አስቤ ነበር። ማመልከቻዋን ዓይኔ እንዲህ ሳይደክም ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። አንድ ስህተት ብቻ አለበት፤ ስመለስ ጎን ለጎን ተቀምጠን ላሳያት ፈልጌ ነበር። ሥራሽ እንዳለ ነው፤ አትስጊ። ስፌትሽ ቀጥ ያለ ነው።»

ወረቀቱ እዚህ ላይ ያበቃል። አልተባረርሽም። ሰፋ ያለው ነጠላ ጫማ የማን እንደሆነ እኔ አወቅሁ፤ እግሬን አይተሽው ታውቂያለሽ። ማመልከቻው ላይ የእግሬን ቁጥር አልጻፍኩም ነበር፤ ስለዚህ ስለ እኔ ስትነግሪያቸው ኖረሻል ማለት ነው።

አሁን የኔ ተራ።

ከቃሉ ሥር የአገባብ ምሳሌ አለ፣ አያስፈልግሽም ያልኩሽ ትዝ ይልሻል? ምሳሌው ይህ ነው፦ «እናትየዋ ልጇን 'ሩሱባን አደራ' ብላት ወጣች።» ያኔ አየሁት። ገልብጬልሽም ነበር፤ ከዚያ ቀደድኩት። ትርጉሙን ጻፍኩልሽ፣ አገባቡን ዋጥኩት። ዘበኛ የሚለውን ቃል ያመጣሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ግን በሩን ከፍቼ ወንበር ሰጠሁት። ሰዓቱንም አላነሳም፣ አላነሳም እያልኩ አንድ በአንድ አነሳሁልሽ፤ የት ቦታ እንደሚያምሽ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለምና። አንድ ሐሰት አልጻፍኩም። መዝገበ ቃላት የያዘ ሰው ሐሰት አያስፈልገውም።

ለምን ካልሽኝ፣ ያንን ቃል ላንቺ ስላሉሽ ነው። አሥራ አራት ዓመት በዚያ ገጽ ሳልፍ ሳገድም ቃሉ እኔን የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። አንቺን ሲጠራ ሰማሁት። የሚገርምሽ፣ እኔንም ጠርቶኝ ነበር፤ እኔው አፉን አፈንኩት።

በኛ ቋንቋ ለዚህ የሚሆን ቃል አለን። ዘበኛ አይደለም፤ አደራ ነው። ሂጂና ንገሪያቸው። እምቢታው ያንቺ አይደለም፣ ዓረፍተ ነገሩም የኔ ነው። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የኔ ጃፓንኛ በሰው አፍ ተነገረ፤ የተነገረውም ደግ ሴት ለማስጎንበስ ሆነ።

ስለ ነጠላ ጫማው ምንም አላነሳም። (አየሽ? ልማድ ክፉ ነው። ሰርዤው ነበር፤ አክስታችን ተዪው አሉ።)

አንድ ነገር ብቻ ከፈቀድሽ። ስህተቱ የቱ እንደሆነ ጠይቂልኝ። የማመልከቻው ቅጂ እኔ ጋ አለ። አሥራ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አላገኘሁትም።

እህትሽ


ጥር 27 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። በመጀመሪያው ሳምንት በንዴት የአንድ ደንበኛ ሱሪ አሳጥራለሁ ብዬ ቁምጣ አደረግሁት። በሁለተኛው አለቀስኩ። በሦስተኛው የራሴን መዝገበ ቃላት ገዛሁ። ትንሽ ነው፣ ኪስ ይገባል። መጀመሪያ ያወጣሁት ቃል የትኛው እንደሆነ ልትገምቺ ትችያለሽ። እዚህኛውም ላይ ከሥሩ ምሳሌ አለው።

እንዴት እንደነገርኳቸው ልንገርሽ። ፎቅ ወጣሁና ደብዳቤሽን ዘርግቼ «እህቴ፣ ቃል፣ ግማሽ» አልኳቸው። አልገባቸውም። ቁራጭ ጨርቅ ፈልጌ ለሁለት ቀደድኩት፤ ግማሹን እጃቸው ላይ አደረግሁ፣ ግማሹን ከጀርባዬ ደበቅሁት። ያኔ ገባቸው። ከዚያ የደበቅሁትን ከእጄ ወስደው ከሌላው ጋር ሰፉት። መርፌው ውስጥ ክሩን ያስገባሁላቸው እኔ ነኝ፤ ዓይናቸው አልቻለም። ስፌቱ ጠማማ ነው፤ እኔ እንዲህ ብሰፋ ያስፈቱኝ ነበር። ከስፌት መኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ።

መክፈቻው ግን አልተመለሰም። አደራ ሰጥቶ መንጠቅ ነውር ነው፣ ለባለማስቲካዋም ቢሆን። እሳቸው እንደዚህ አላሉም፤ እኔ ነኝ ያልኩት፤ እሳቸው ግን ልክ ነሽ አሉኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት በሩን የምትከፍትልኝ እሷ ናት። ማስቲካውን ታፈነዳና «ግቢ» ትለኛለች፤ እኔም እገባለሁ።

ሐኪሙ ግን ለካ የሚሠራው አንድ አንድ ዓይን ነው። ሁለተኛው በሰኔ ነው። እማማ የሄዱት ሰኞ ጠዋት ነበር። ሻንጣቸውን ይዘው በሩ ላይ ዞር አሉና ለሰኔው ጠየቁኝ፤ በዚያው ቃል። ላንቺ አልጻፍኩም፣ መጽሐፌንም አላወጣሁም። «ሃይ» አልኩ፤ እሺ ማለቴ ነው። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። ማጉያ ሳትይዢ እመኚኝ፣ ደገፍ ያለ ነበር።

«እህትሽስ?» አሉኝ።

ምን እንዳልኳቸው ከኔ ስሚው። «እህቴ ሩሱባን ናት» አልኳቸው። «ቤት አለን። አክስት አሉን። እሷ ናት የምትጠብቀው።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወጡ። ሰፊውን ነጠላ ጫማ ግን ከበሩ አላነሱትም። እኔም አላነሳሁትም። አቧራውን እጠርግለታለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ዛሬ ቃል አልገባልሽም።

ስህተቱን ጠይቄያቸዋለሁ። ቅጂውን አውጥተው በጣታቸው እየጠቆሙ አሳዩኝ። ትንሽ ነገር ናት፤ ለኔ እንኳን ገብታኛለች። ዝርዝሩ ለጥያቄሽ ስለማያስፈልግ ተውኩት።

አክስቴን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ከመዝገበ ቃላቱ ላይም አስነሻቸው፤ ጀርባው ቀድሞም ተገንጥሏል።

ቤታችንን አደራ።

ሚጢሽ